በአንድ ዓመት ያልተሰጠች ምድር

ዘጸአት 23 ውስጥ፣ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ርስት ሊሰጥ ቃል በሚገባበት ክፍል፣ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምናልፈው ዓረፍተ ነገር አለ። የምድሪቱን ነዋሪዎች ከፊታችሁ አስወጣለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት አላደርገውም ይላል። አንድ ነገር ሲዘገይብን ወዲያው የምንደረድራቸው ምክንያቶች እዚያ የሉም። ጸሎት አነሰ አይልም። እምነት ጎደለ አይልም። ሰጪው ሐሳቡን እንደቀየረ የሚጠቁም ነገርም የለም። የተጻፈው ምክንያት ምድሪቱ ባድማ እንዳትሆንና የምድር አራዊት እንዳይበዙባችሁ የሚል ነው። ከዚያም ቁጥር 30፣ እስክትበዙና ምድሪቱን እስክትወርሱ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ብሎ ይቋጨዋል። ዘዳግም 7፥22 ላይም ያው ቃል ተደግሟል።

(የዚያ ዘመን ጦርነት የሚያስነሣው ጥያቄ ከባድ ነው። ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ እዚህ አልገባበትም።)

እኔን የያዙኝ አራዊቱ ናቸው። ምድሪቱ በአንድ ጊዜ ብትሰጥ ኖሮ በወረቀት የሕዝቡ፣ በተግባር የአውሬው ትሆን ነበር። ሰው ያልሰፈረበት ሸለቆ፣ ዞሮ የሚያየው የጠፋ እርሻ፣ በር የሚዘጋበት የሌለ ቤት ባለቤት ስላለው ብቻ አይለማም። እንግዲህ የስጦታው ልክ የሚወሰነው በሰጪው አቅም ሳይሆን በተቀባዩ ቁጥር ነው፤ መስፈርና መጠበቅ የምትችሉትን ያህል ትወስዳላችሁ፤ ስትበዙ ደግሞ ይጨመርላችኋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ሳይጠቀስ አይቀርም፤ ይሁን። ግን ተረቱ የሚነግረን መጨረሻው እንደሚያምር ብቻ ነው። ዘጸአት መፍጠኑ ምን ይዞ እንደሚመጣ በስሙ ይጠራዋል።

የምተዳደረው የሌሎችን የንግድ ሒሳብ በመሥራት ነው፤ አብዛኞቹ ደንበኞቼ ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው። ስለዚህ አራዊቱን የማያቸው መዝገብ ውስጥ ነው። ወራት ሙሉ ያልተቆጠረ የመጋዘን ዕቃ አንዱ ነው። ደንበኛው ራሱ «አለብኝ» ብሎ ያላረጋገጠው የዱቤ ሒሳብ ሌላው ነው። በጥድፊያ ተፈርሞ የቅጣት አንቀጹን ማንም ያላነበበው ውል፣ የሚያሠለጥነው ሳይገኝ ተቀጥሮ ራሱ በገመተው መንገድ የሚሠራ ሠራተኛ፣ ሰኞ መልስ ይሰጠዋል ተብሎ ሰኞዎች የተፈራረቁበት ቅሬታ... ከእነዚህ አንዱም የመጣው ሥራ በመጥፋቱ አይደለም። ሁሉም የገቡት ድርጅቱ በፍጥነት ሲሰፋ፣ ሰው ባልደረሰበት በኩል ነው።

በቁጥር ላሳይ። አንድ ነጋዴ ዕቃ በ80 ገዝቶ በ100 ይሸጣል እንበል። ለአቅራቢው የሚከፍለው ዕቃውን ሲረከብ ነው፤ ደንበኞቹ የሚከፍሉት ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሽያጩ በወር 100 ላይ እስከጸና ድረስ ችግር የለም። በየወሩ 80 ይወጣል፣ ከሦስት ወር በፊት የተሸጠው 100 ይገባል፣ 20 ይተርፋል። አሁን አንድ ትልቅ ደንበኛ መጣና ሽያጩ በአንድ ጊዜ 200 ሆነ። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ትርፉ ከ20 ወደ 40 ማደጉን ያሳያል፤ ባለቤቱም ምስጋና ያቀርባል። የባንክ ሒሳቡ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ወር ለዕቃ 160 ይወጣል፤ የሚገባው ገና የድሮው 100 ነው። 60 ጎደለ። በሁለተኛው ወር ሌላ 60፣ በሦስተኛው ሌላ 60። ድምሩ 180 ነው። በቀድሞው አካሄድ ይህን ያህል ለማጠራቀም ዘጠኝ ወር ይፈጅበት ነበር። ኪራይና ደመወዝን ገና አልቆጠርኩም፤ አዲሱ ደንበኛ በቀጠሮው ይከፍላል ብዬ መነሣቴም የዋህነት ነው። አትራፊ የሆነ ድርጅት ትርፉ በጨመረበት ወር ገንዘብ አጥቶ ሊዘጋ የሚችለው እንዲህ ነው፤ ለሒሳብ ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለባለቤቱ ግን ሁልጊዜ ድንገተኛ ነው።

ያው ነጋዴ ሽያጩን በየሦስት ወሩ በሩብ ብቻ ቢያሳድግስ? ከ100 ወደ 125፣ ከዚያ ወደ 156፣ ከዚያ ወደ 195 ይሄዳል። 125 ለመሸጥ 100 ያወጣል፤ ከሦስት ወር በፊት ከሸጠውም 100 ይገባለታል። 156 ለመሸጥ 125 ያወጣል፤ የሚገባውም 125 ነው። ዕድገቱ በየደረጃው ራሱን እየቻለ፣ ብድር ሳይነካ፣ በሦስተኛው ሩብ ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እርግጥ በዚህ ስሌት ትርፉ ሁሉ ተመልሶ ሥራው ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቱም መኖር ስላለበት እውነተኛው ፍጥነት ከዚህ ያነሰ ነው። የዚህን ፍጥነት ጣሪያ ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ደንበኞቹ በሦስት ወር ፋንታ በሁለት ወር እንዲከፍሉ ቢያግባባ ብዙ ይለወጣል። ነገሩ ጣሪያ መኖሩ ላይ ነው። ጣሪያውን የሚሠራው የትርፉ ስፋትና ገንዘቡ ዞሮ የሚመለስበት ጊዜ ነው፤ የባለቤቱ ጉጉት ከስሌቱ ውስጥ የለም። «እግዚአብሔር በር ከፈተልኝ» ብሎ የሚመጣውን ሰው እኔ አልጠራጠረውም፤ በሩ ተከፍቶ ይሆናል። የምጠይቀው በዚያ በር ስንት ሰው ይዞ እንደሚገባ ነው። ጌታችን ራሱ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቈጥር ተናግሯል፤ በሉቃስ 14 የተጻፈው ይህ ቃል ስለ ደቀ መዝሙርነት ቢሆንም፣ ምሳሌው የቆመው በቁጥር በማያፍር አእምሮ ላይ ነው።

ይህ የትንንሾች ችግር ብቻ እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 የቶዮታ ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው የተናገሩትን ማስታወስ ይበቃል። ኩባንያቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎችን በደኅንነት ጉድለት ምክንያት መልሶ ለመጥራት የተገደደበት ወቅት ነበር። እርሳቸውም ዕድገታችን ከልክ በላይ ፈጥኖ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ አሉ። የቶዮታ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ጥራት፣ ከዚያ ብዛት እንደነበር፣ ይህ ቅደም ተከተል እንደተዛባ፣ ሰዎቻቸውንና ድርጅታቸውን ማሳደግ ከሚችሉበት ፍጥነት በላይ ዕድገትን እንዳሳደዱ ገለጹ። ሰው ሳይበዛ ምድሩ በዛ ማለት ነው፤ ከዘጸአት 23 ሐሳብ ብዙም አይርቅም።

ወደ ክርስቲያኖች ታሪክ ስመጣ ደግሞ የምመለስባቸው ኩዌከሮች የተባሉት፣ በእንግሊዝ የተነሡ የክርስቲያን ማኅበር አባላት ናቸው። በእንግሊዝ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አባል ስላልነበሩ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች በር ለረጅም ዘመን ተዘግቶባቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ወደ ንግድ አዘነበሉ። ባርክሌይስና ሎይድስ ባንኮች፣ ካድበሪ የተባለው የቸኮሌት ድርጅትም የተነሡት ከዚህ አነስተኛ ማኅበረሰብ ነው። ለስኬታቸው የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የጉባኤያቸው ሥርዓት ነው። ማኅበሩ የአባሉን ንግድ እንደ ግል ጉዳይ አይተወውም ነበር። ማንም ሊያስተዳድር ከሚችለው በላይ ንግድ ውስጥ እንዳይገባ ይመክር ነበር። በዕዳው ላይ ይጠያየቁ ነበር። በግዴለሽነት የከሰረና የሰው ገንዘብ ያጠፋ ሰው ከማኅበሩ እስከመሰረዝ ይደርስ ነበር። ለዛሬ ሰው ጆሮ ይከብዳል፤ እኔም ሁሉንም አልደግፈውም፤ የከሰረ ሁሉ በደለኛ አይደለምና። ቢሆንም የዛሬዎቹ ጉባኤዎቻችን ከዚህ ጋር ሲተያዩ ያሳስበኛል። አንድ ወንድም አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት ተሰብስበን እንባርካለን፤ በስንት ብድር እንደከፈተው የሚጠይቀው የለም። የምስክርነት ጊዜ የሚሰጠው ለደረሰው እንጂ «ዘንድሮ እንዳልሰፋ ወሰንኩ» ለሚል ሰው አይደለም። እንዲህ ያለ ምስክርነት እስካሁን ሰምቼ አላውቅም፤ ብሰማ ደስ ይለኛል።

ከንግድ ወጥተን በሕይወት ስለሚዘገይ ዕድገት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰበኩት የዮሴፍ 13 ዓመታት፣ የሙሴ 40 የምድረ በዳ ዓመታትና ጌታችን አገልግሎቱን ሲጀምር ዕድሜው 30 ያህል መሆኑ ነው። እውነት ናቸው፤ ሁላችንም ስለምናውቃቸው አልዘገይባቸውም። ይልቅ የንጉሥ ዖዝያን ታሪክ ቢነበብ እመርጣለሁ። በ2ኛ ዜና መዋዕል 26 እንደተጻፈው በ16 ዓመቱ ነገሠ፣ በኢየሩሳሌም 52 ዓመት ገዛ፣ በምድረ በዳ ግንብ ሠራ፣ ብዙ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ እርሻም ይወድ ነበር። ሥራው ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ከዚያ አንድ አስደንጋጭ ነገር እናነባለን፤ እስኪበረታ ድረስ በሚያስደንቅ ሁኔታ ታገዘ፤ በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየ ይላል። ያልተፈቀደለትን ዕጣን ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ፣ በግንባሩም ለምጽ ወጣ። ድካሙ አላጠፋውም። የጣለው ብርታቱ ነው፤ ውስጡ ያንን ብርታት የሚሸከምበት ቦታ አልተዘጋጀም ነበር። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ስለ ጉባኤ መሪ ሲጽፍ አዲስ አማኝ አይሁን፣ በትዕቢት እንዳይነፋ የሚለው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ተሰጥኦ የለውም አላለም። ተሰጥኦው ፈጥኖ ደርሶ ይሆናል፤ ሰውዬው ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

በማርቆስ 4 ያለው ዘር የሚዘራው ሰው ምሳሌም ውስጥ በቀላሉ የምናልፈው ግስ አለ፤ ሰውዬው ይተኛል። ዘሩን በምድር ይጥላል፣ ሌሊትና ቀን ይተኛል ይነሣል፣ እርሱ እንዴት እንደሆነ ሳያውቅ ዘሩ ይበቅላል፤ መጀመሪያ ቡቃያ፣ ኋላም ዛላ፣ ከዚያም በዛላው ውስጥ ፍጹም ፍሬ። መተኛቱ ስንፍና ተብሎ አልተነቀፈም። የማያውቀው ሂደት እንዳለ አምኖ ከእጁ የወጣውን ለምድሩና ለምድሩ ጌታ ትቶታል። ሌሊት ስልኩን እያየ ሽያጭ የሚቆጥር ባለቤት ዘሩን በየሰዓቱ ቆፍሮ እንደሚያይ ሰው ነው። እዚሁ ምዕራፍ ላይ በጭንጫ መሬት የወደቀው ዘርም አለ፤ ከሁሉ ፈጥኖ የበቀለው እርሱ ነው። የፈጠነበት ምክንያት ጥልቅ መሬት ስላልነበረው እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። ያ ፍጥነት በመጀመሪያው ወር ሪፖርት ላይ እንዴት ያምር እንደነበር አስቡት።

አሁን ወደማይመቸኝ ነገር ልምጣ። ትዕግሥት የሚለው ቃል በክርስቲያን ነጋዴዎች አፍ ብዙ ጊዜ መጋረጃ ሆኖ ያገለግላል። ለዓመታት የሚከስር ሥራ ይዞ «ጊዜው ሲደርስ» እያለ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ዕቃው ለምን እንደማይሸጥ አንድ ገዢ እንኳ ጠይቆ አያውቅም። ይህን ሰው ዘጸአትም ማርቆስም አይደግፉትም። በሉቃስ 13 ያለችውን በለስ እዩ። ሦስት ዓመት ፍሬ አልሰጠችም፤ ጌታዋ ቁረጣት አለ፤ አትክልተኛውም ዘንድሮ ተዋት ብሎ ለመነ። ግን ልመናው ሁለት ነገር ተያይዞበታል። ዙሪያዋን እቆፍራለሁ ፍግም አፈስባታለሁ አለ፤ ካላፈራች ደግሞ ትቆርጣታለህ አለ። ሥራና ቀነ ገደብ ያለው ትዕግሥት ነው። ከማስታውሳቸው ምክሮቼ የሚበዙት ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ የጎደለባቸው ድርጅቶች ላይ የሰጠኋቸው ናቸው፤ ወይ ሳይቆፈር ይጠበቃል፣ ወይ እየተቆፈረ የሚያበቃበት ቀን አይነገርም። የመጨረሻ ቀን ማስቀመጥ እምነት ማጣት የሚመስላቸው ሰዎች፣ በምሳሌው ውስጥ ቀኑን ያስቀመጠው የሚራራው ወገን መሆኑን ባይዘነጉ ጥሩ ነው፤ ቀኑን የጠራው ለበለሷ የለመነው አትክልተኛው ራሱ ነው።

ሌላም አለ፤ የሚታገሠው ማን ነው? ከላይ ያስቀመጥኩት የ180 ጉድለት ከየት እንደሚሞላ አልተናገርኩም። አንዳንዱ ከባንክ ይሞላዋል። አንዳንዱ አቅራቢውን «እስከ ወር መጨረሻ ታገሠኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ጉድለቱ የሚያርፈው አቤት ለማለት አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው፤ ደመወዝ አንድ ሳምንት ይዘገያል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ግማሹ ይከፈላል። ሠራተኛው የእምነት ሰው ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ያረጋጋዋል፤ «ይህ የሁላችንም ራእይ ነው፣ በርታ»። መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የማን ራእይ በማን ገንዘብ እንደሚሄድ አያለሁ። ያ ሠራተኛ ወለድ የማይታሰብለት፣ ውል ያልተጻፈለት አበዳሪ ሆኗል።

ያዕቆብ ይህን የሚያውቅ ይመስላል። በምዕራፍ 5 ቁጥር 7 ላይ ገበሬው የከበረውን የምድር ፍሬ ታግሦ እንደሚጠብቅ ይጽፋል፤ በየአዳራሹ የሚጠቀስ ቃል ነው። ከእርሱ ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ ያለው ግን እርሻችሁን ያጨዱት የሠራተኞች የተቀማ ደመወዝ ይጮኻል የሚለው ነው። ትዕግሥትን የሚመክራቸው ደመወዝ የቀሩባቸውን ነው፤ ደመወዝ ያስቀሩትን አልቅሱ ይላቸዋል። ሁለቱን ነጣጥሎ፣ የገበሬውን ትዕግሥት ወስዶ ለተቀጣሪው የሚሰብክ አሠሪ ጥቅሱን የገለበጠው ነው። ለቤት ኪራይ የጎደለው ሰው ፊት ቆሞ ስለ ዝግታ ዕድገት ማስተማርም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ እኔም ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ያሰብኩት ምርጫ ስላላቸው ሰዎች ነው።

ዘሌዋውያን 19ን ሳነብ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት የጊዜ ሕጎች አሉ። ቁጥር 13 የሞያተኛው ዋጋ እስከ ነገ ድረስ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ከቁጥር 23 እስከ 25 ደግሞ ስለ ፍሬ ዛፍ ነው። ዛፉን ከተከላችሁ በኋላ ለሦስት ዓመት ፍሬው አይበላም፤ በአራተኛው ዓመት ፍሬው ሁሉ ለእግዚአብሔር ምስጋና የተቀደሰ ይሆናል፤ በአምስተኛው ዓመት ትበላላችሁ፣ ፍሬውም ይበዛላችኋል። ለሠራተኛው የሚገባው ዛሬ ማታ ነው፤ ለባለቤቱ የሚደርሰው በአምስተኛው ዓመት። ብዙ የንግድ ዕቅዶች የተሠሩት እነዚህን ሁለት ጊዜያት አቀያይረው ነው፤ ባለቤቱ በመጀመሪያው ዓመት መኪና ይለውጣል፣ ሠራተኛው የተሻለ ዘመን ይጠብቃል። አራተኛው ዓመትም ሊታለፍ አይገባም። የመጀመሪያው ደህና ምርት የተተከለውን ተክል ለማስፋት እንኳ አልተፈቀደም፤ ባለቤቱ እጁን ሰብስቦ ዛፉ የማን እንደሆነ የሚያስብበት ዓመት ነበር። በመጀመሪያው ጥሩ ትርፍ ማግስት ቅርንጫፍ ለመክፈት ለሚሮጥ ሰው ይህ ዓመት ባክኗል ይባላል።

በዚህ ምክንያት ስለ ማስፋፋት ሊያማክረኝ የሚመጣን ባለቤት መጀመሪያ የምጠይቀው የገበያ ጥናቱን አይደለም። ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን መቼ እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት ያ ቀን ስንት ጊዜ እንደተላለፈ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ አብረን የመጪዎቹን ወራት ገቢና ወጪ እንዘረጋለን፤ ደመወዙን፣ ግብሩንና የአቅራቢዎቹን ዕዳ መጀመሪያ በየቀናቸው እንተክላለን፤ ዕድገቱ የሚያድረው በተረፈው ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ቦታ ሰውዬው ይዞት ከመጣው ዕቅድ ያንሳል፤ በሦስት ወር የታሰበው አሥራ አምስት ወር ይሆናል፣ ሦስት ቅርንጫፍ የተባለው አንድ ይሆናል። አንዳንዶቹ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከትተው በዚያው ልክ ይጀምራሉ። አንዳንዶቹ አመስግነውኝ ሌላ የሒሳብ ባለሙያ ይፈልጋሉ።